የቡኒው ሱሪ ገበር

ወንድም ጋሼ መቀመጥ ያቆመበትን ቀን አላውቀውም። ነገሩን ልብ ያልኩት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ የታክሲ ሹፌር ሲቀልድበት ነው።

«ልኩ፣ ዛሬም ቆመህ ነው? ወንበሩን ሸጥከው እንዴ?»

«አንተ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ትውላለህ፤ ያንተን ድርሻ እየቆምኩልህ ነው» አለው ወንድሜ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና ሳይል።

ሹፌሩ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ «ልኩ» የሚለው ሜትር ስለማያስፈልገው ነው። አንድ ሰው ከበሩ ተነስቶ ጠረጴዛው ዘንድ እስኪደርስ ወገቡንና የእግሩን ርዝመት በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል። ለኔ ግን ወንድም ጋሼ ነው። እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሜዳ ላይ ስቀር መርፌ ያስያዘኝም እሱ ነው። የምኖረውም እነሱው ቤት፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው።

ሱቃችን ጠባብ ናት። መስኮቱ ሥር የእሱ ስፌት መኪና፣ ከጎኑ የኔ፣ መሃል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ። ከጀርባ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ ያለቁ ሱሪዎች ይሰቀላሉ። ነፋስ ሲገባ ይወዛወዛሉ፤ ሳያቸው ከወገብ በላያቸውን የሆነ ቦታ ረስተው የመጡ ወረፋ ጠባቂዎች ይመስሉኛል። እንዲህ እያሰብኩ ፈዝዤ ስቀር ወንድሜ «ህልመኛው፣ ውረድ» ይለኛል።

ያን ሰሞን ግን እሱ ራሱ ማረፊያ አጣ። አንድ ጠዋት ድንገት «መኪናዬን ውሰደው፣ ዓይኔ ደክሟል» አለኝ። ለማንም የማያስነካውን መኪና። በዚያው በደከመው ዓይኑ ግን መንገድ ማዶ የሚያልፍ ሰው የኮቱ ቁልፍ መላላቱን ያያል። ቆሞ ይቆርጣል፤ ቆርጦ ሲጨርስ ጠረጴዛውን ይዞራል፤ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ጉንዳን እንደገባበት ሰው እግሩን ያፈራርቃል። እሱ ሲዞር የኔም ስፌት አብሮ ይጠማዘዛል። «ምን ሆነሃል?» ስለው መልሱ «ሥራህን ሥራ» ነው።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። አንድ ከሰዓት፣ ልጆቹን ሸኝታ፣ እሱ ክር ሊገዛ በወጣበት መጣች።

«ተቀመጥ» አለችኝ፤ ተቀምጬ ነበር። ልማዷ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ወንድምህ ማንን ይዞ ነው?»

«ማንን ማለት?»

«ሴት ነዋ። ፍየል ይይዛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ምንም እንደማታውቅማ አውቃለሁ። ዓይን ግን አለህ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚተኛው። ልብሱን የሚቀይረው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ ነው። በገዛ ቤቱ። ሱሪውንም ራሱ ያጥባል። ሱሪውን ራሱ የሚያጥብ ባል አይተህ ታውቃለህ?»

«ጥሩ ባል ሊሆን...»

«አፍህን ዝጋ።» ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ቆም አለች። «የምታውቀው ነገር ኖሮ ከደበቅከኝ ሁለታችሁንም ነው የማስወጣችሁ። አብራችሁ ትሰፋላችሁ።»

በኛ ሱቅ አንድ ደንብ አለ። ሌላ ሰፊ አበላሽቶት የመጣ ልብስ ከበሩ ጀርባ ባለው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሥራ የፈታ ሰው ሳይጠይቅ አውርዶ ስፌቱን ይፈታዋል። ደንቡን ያወጣው ወንድም ጋሼ ነው።

ዝናብ ደንበኛ ያስቀረበት ቀን ነበር። እሱ «መጣሁ» ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ሲወጣ ሥራ ፈታሁ። ምስማሩ ላይ አንድ ቡኒ ሱሪ ተንጠልጥሏል። አውርጄ ገለበጥኩት። ከፊት በኩል፣ ከዚፑ ሥር፣ በሱሪ ላይ አይቼ የማላውቀው ገበር ተሰፍቶበታል፤ ሁለት እጥፍ ለስላሳ ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ የተነጠፈበት። ከላይ ሲያዩት ደህና ሱሪ ነው፤ ውስጡን ለቄስ። የትኛው ጅል ሰፊ ነው ብዬ ምላጬን አነሳሁና መፍታት ጀመርኩ።

ግማሽ ድረስ ከፈታሁ በኋላ ነው እጄ የቆመው። ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። እንዲህ የሚሰፋ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጥጡ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ፣ ዳሩ የጠቆረ እድፍ አለ። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ከመድኃኒቱ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ።

ወንድሜ እየተንጠባጠበ ገባ። እጄ ላይ ያለውን አየ።

«ማን ፍታ አለህ?»

«ምስማሩ ላይ ነበር።»

«ምስማሩ ላይ ያለ ሁሉ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ያጠበው ሱሪ ቤት ስላልደረቀለት በችኮላ እዚያ የሰቀለው እሱ ነው፤ ደንቡም የእሱ ነው። በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ከዚያ ጠረጴዛውን እየዞረ አወራኝ፤ ግማሹን ነገር የነገረኝ በጀርባው ነው።

«መጀመሪያ ኪንታሮት ነገር ነበረች። ምስር አታህልም።»

«የት?»

«የት ይመስልሃል? አፍንጫዬን ነው በገበር የምሸፍነው?»

መድኃኒት ቤቱ ቅባት ሰጠው። ቅባቱ አልሠራ ሲል ሌላ ቅባት። ኪንታሮቷ ቁስል ሆነች፤ ቁስሉ ሰፋ፤ መድማት ጀመረ፤ ሱሪው ላይ እንዳይታይ ገበር ሰፋ። ከዚያ ለሁሉም ሱሪዎቹ ሰፋላቸው። የሚያመው ደግሞ ሲቀመጥ ነው።

«ሐኪም ቤት ለምን አልሄድክም?»

«ምን ብዬ? ሐኪሟ ሴት ብትሆንስ?»

«ሴት ብትሆን ምን ትሆናለህ? ለእትዬስ ለምን አልነገርካትም?»

እዚህ ጋ መዞሩን አቆመ። «እሷ፣ የትም ዞረህ ያመጣኸው ነው ትለኛለች። እኔ ከተጋባን ወዲህ ሌላ ሴት ደጅ ረግጬ አላውቅም። እንግዲህ እኔ ካላመጣሁት ማን አመጣው?» ብሎ መቀሱን ከጠረጴዛው አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ይሄን ነው ተኝቼ የማስበው። ከየት መጣ? ማን አመጣው?»

ያኔ ገባኝ። ቁስሉን ብቻ አልነበረም ገበር ያለበሰው።

መስኮቱ ዘንድ ሄጄ የፈታሁትን ገበር ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። ብል የበላው ልብስ ሲመጣ መጀመሪያ ብርሃን ላይ ይያዛል፤ የሞተው ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ጤናው ጨርቅ ጋ እስኪደረስ ይቆረጣል፤ ከዚያ ነው የሚጣፈው። በሞተ ጨርቅ ላይ የጣፈ ሰው፣ እራፊው ራሱ የቀረውን ይዞበት ይወርዳል። አንዴ ሳልቆርጥ ጥፌ በሜትሩ እጄን አቃጥሎኛል።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ በምን ላይ ነው የጣፍከው?» አልኩት።

ዝናቡን ሲያይ ቆየ።

«አፍህ አድጓል» አለኝ በመጨረሻ። «ነገ እንሄዳለን። አንተም ትመጣለህ። ለእትዬህ ግን ትንፍሽ ብትል ምላስህን ከከንፈርህ ጋር ነው የምሰፋልህ።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ሦስት ሰው ወንበር ለቀቀለት፤ ለሦስቱም «ቆሜ ይሻለኛል» አላቸው። ሐኪሙ ወንድ ሆነ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ቀጭን፤ ሲያወራ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሞ የሚያወራለት ይመስላል። ቁስሉን አየ፤ ከቁስሉ ናሙና ወሰደ፤ ውጤቱ ጊዜ ይፈልጋል አለ።

በዚያ መሃል የነበሩት ቀናት ቀን አልነበሩም። ወንድሜ ከእንቅልፉ ተነስቶ ግቢው ውስጥ ሲመላለስ በክፍሌ መስኮት እሰማዋለሁ። ሱቅ ውስጥ መቀሱን አስቀምጦ መቀሱን ይፈልጋል። አንድ ቀን የታክሲ ሹፌሩን አዲስ ሱሪ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ልሰፋው ስገጥመው አልገጥም አለኝ። አገላብጬ ባየው ሁለቱም ግራ እግር ነው። ልኩ፣ በሙያው ዘመን ሁሉ አንዲት ጣት ያልሳተው ሰው፣ ለአንድ ወገብ ሁለት ግራ እግር ቆረጠ። አሳየሁት። ጨርቁን ትኩር ብሎ አየው።

«ሹፌሩ በፍሪሲዮን እግሩ ብቻ ነው የሚነዳው» አለኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም። ጨርቁን ከራሱ ኪስ ገዝቶ እንደገና ቆረጠው።

የውጤቱ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን ጎን አደረገና በቀጥታ ነገረው።

«ካንሰር ነው። የብልት ካንሰር። ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ አለ ግን። ደግነቱ ጥልቅ አልሄደም፤ ብሽሽትዎም ላይ ያበጠ ንፍፊት አላገኘሁም። ያጨሳሉ?»

«ትቻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ከዚያ ስለ ቫይረሱ ነገረን። ኤች ፒ ቪ ይባላል፤ ያ ሁላችንም ስሙን የምንፈራው አይደለም፣ ሌላ ነው። በግንኙነት ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ የብዙው ሰው ሰውነት ሳያውቀው ራሱ ያጠፋዋል። ጥቂቱ ላይ ግን ይቀመጥና ቀስ እያለ ሥጋውን ይለውጣል። የወንድ ብልት ካንሰር ሁሉ ከሱ አይመጣም፤ ግማሽ ያህሉ ግን ከሱ ነው። የወንድሜ ናሙና ላይ ተገኝቷል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ይዞት የመጣውን ጥያቄ አወጣ።

«ማን አመጣው?»

«አይታወቅም።»

«መሣሪያ የላችሁም?»

«ይሄን የሚያሳይ መሣሪያ የለም። ቫይረሱ ምልክት ሳይሰጥ ብዙ ዓመት ሰው ላይ ይቀመጣል። እርስዎ ከጋብቻ በፊት ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ባለቤትዎም እንደዚሁ። ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት መጣ ማለት አይደለም።»

«ዶክተር፣ እኛ ስፌት ስንፈታ የክሩን ጫፍ ነው የምንፈልገው። ጫፉ ካልተገኘ አይፈታም።»

«ይሄ ክር ጫፍ የለውም። ጫፉን ሲፈልጉ ሥጋው እያለቀ ነው።»

ሐኪሙ ቀጠለ። መቆረጥ አለበት፤ ከጫፉ ትንሽ፤ ቁስሉና ዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ተጨምሮ። ገና ስለሆነ አብዛኛው ይተርፋል፤ ቆሞ መሽናቱም ባልነቱም አይቀርበትም።

«ጤነኛውን ለምን ትቆርጣላችሁ?» ብዬ እኔ ጠየቅሁ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

መልሱን የሰጠኝ ወንድሜ ነው። «ጠርዙ ንጹሕ ካልሆነ ይመለሳላ» አለ፣ እኔን ሳያይ።

«ሥራዎ ምንድነው?» አለው ሐኪሙ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እንግዲያው የኔን ግማሽ አስረዱልኝ። ግማሹ ደግሞ ይሄ ነው፤ ለባለቤትዎ ይንገሩ፣ ትምጣና ትመርመር። ይኸው ቫይረስ ሴት ላይ የማሕፀን በር ካንሰር ያመጣል። ወደ ካንሰር ሳይደርስ ከተገኘ በአንድ ቀን የሚጠፋ ነገር ነው። ከዘገየ ግን...» እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተስ? ክትባት እንዳለው ታውቃለህ? ለወንዶችም ይሰጣል። ሰው ሴት ሳያውቅ ቢወስደው ነው የሚበጀው።»

ፊቴ ጋለ። ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይሄኛው ሴት ከመጣች መንገድ ይሻገራል። ይከተብልኝ፣ አላረጀበትም።»

ወጥተን መንገዱን ስንይዝ ሳቁ አልቆ ነበር። እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ነበር የምከተለው።

«ቡአ ነው እላታለሁ» አለ። «ቡአ ሊያወጡልኝ ነው፣ ትንሽ ቀን እተኛለሁ እላታለሁ።»

«ቡአ ነው ካልካት በምን ምክንያት ትመረመራለች?»

«እሷ ቡአ የላትም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«አንተ ንገራት።»

«እኔ? እኔ ተቀመጥ ስትለኝ ተቀምጬ እንኳ እደነግጣለሁ።»

«ታዲያ ዝም በላ» አለና እርምጃውን ጨመረ።

ሐኪሙ የሰጠው ቀጠሮ እየቀረበ መጣ፤ እሱ ግን አልነገራትም። ማታ ራት ላይ አፉን ይከፍታል፤ «ጨው አቀብይኝ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ወደ ክፍሌ ስገባ በግድግዳው በኩል የሁለቱን ዝምታ እሰማለሁ። ዝምታ የሚሰማ ነገር ነው፤ ሰው ብቻውን ሲኖር ጆሮው ለዚህ ይሰላል። እሷ ውስጥ አንድ ነገር በቅሎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፣ ምስር የማታህል፤ ማንም ብርሃን ላይ ያልያዛት።

ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ሱቅ ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ተቀመጥ አላለችም።

«እህቴ ቤት ልሄድ ነው» አለችው። «ልብሴን አስሬያለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ስሟን ንገረኝ። ስሟን ብቻ።»

ወንድሜ ጠረጴዛውን ዞረ። እንደገና ዞረ። እኔ ልወጣ ብነሳ እሱ በእጁ አስቀረኝ። ምስማሩ ዘንድ ሄዶ ቡኒውን ሱሪ አወረደና፣ ደንበኛ ፊት ሥራ እንደሚዘረጋ፣ ውስጡን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ገበሩ ግማሹ ተፈትቶ ይንጠለጠላል። እድፉ ከላይ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

ነገራት። እንዲያ ቀጥ ብሎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሳይዞር፣ እድፉ ላይ እጁን እንዳስቀመጠ። ስለ ኪንታሮቷ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ካንሰሩ፣ ስለ ቫይረሱ፣ ስለሷ ምርመራ። እሷ ገበሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ስፌቱን እያየች ሰማችው።

«ከማን ነው?» አለች ሲጨርስ።

«ሐኪሙ አይታወቅም አለ።»

«ሐኪሙን አልጠየቅሁህም። አንተ ምን አልክ?»

ወንድሜ መዋሸት ይችል ነበር። «አንቺን ጠርጥሬ ነበር» አላት።

«እኔን።»

«አንቺን።»

«እኔም አንተን ጠርጥሬ ነበር። ለሌለች ሴት በሐሳቤ ቀሚስ ሁሉ ሰፍቼላት ነበር፣ ቢጫ።»

«እንግዲያ እኩል ነን» አለ ወንድሜ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«አይደለንም። እኔ ጠየቅሁ። አንተ ሰፋህ።»

ይህን ብላ ሱሪውን አጠፈችው፤ ልጆች የጣሉትን ልብስ እንደምታጥፍ፣ እግር በእግር ላይ። አለቀሰች ልበል? ዓይኗ ሞላ እንጂ አልፈሰሰም። «ቀጠሮህ መቼ ነው?» አለችው። ሲነግራት «ልብሴን ልፈታ እንግዲህ» ብላ ወጣች። ስትዘጋው በሩ ጮኸ፤ ሽቦው ላይ ያሉት ሱሪዎች ሁሉ ተወዛወዙ።

ቀዶ ሕክምናው ሆነ። ሐኪሙ ከቀናት በኋላ ጠርዙ ንጹሕ ነው አለ፤ ብሽሽቱን ግን ወንድሜ በየጊዜው እየሄደ ያስመረምራል። ወንድሜ አልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ እግሩ አላርፍ እያለው አንሶላውን ከፍራሹ ሥር ይመዝዘው ነበር። እሷ መልሳ ትወትፈዋለች። «ተኛ» ትለዋለች፤ ይተኛል። ቁስሉን የምታጥበው እሷ ናት። ግን ብዙ አታወራውም ነበር። እሱም አብዝቶ ይቅርታ እንዳይል እፈራለት ነበር፤ አብዝቶ ያልተባለ ይቅርታ ይሻላል።

የራሷን ምርመራ ግን «ይሄ ይዳን መጀመሪያ» እያለች ስታራዝመው ቆየች። ይዞራት ጀመረ። ገና በደንብ ሳይራመድ፣ ወጥ ቤት ስትገባ ይከተላታል፤ ግቢ ስትወጣ ይከተላታል። «ዛሬ ሄድሽ?» ይላታል። «ልጆቹን ማን ይያዛቸው?» ትለዋለች። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቷ በር ላይ ሄዶ ቆመ። ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ በጨዋ ደንብ ሰላምታ እየሰጠ፣ አልሄድም አለ። ከነሱም አንዷ ልጆቹን ያዘችላት።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ግድግዳው ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል። እትዬ ገባች። ነርሷ ወንድሜን «ይቀመጡ» አለችው፤ እሱ «ቆሜ ይሻለኛል» አላት። አሁን ሲቀመጥ አያመውም፤ ይህን እኔም እሱም እናውቃለን። ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ መስኮቱን ይነካል፤ ይመለሳል። ከሚጠብቁት ሴቶች መሃል አንዷ ለጎረቤቷ «ምጥ ያለባት ሚስት አለችው መሰል» አለች። ሰምቷል፤ ወደ መስኮቱ መመላለሱን ቀጠለ።

በሩ ተከፍቶ እትዬ ብቅ አለች። ጫማዋን አውልቃለች፤ ቦርሳዋን ይዛለች።

«አገኙብኝ» አለች።

ወንድሜ ባለበት ቀረ።

«ካንሰር አይደለም። ወደዚያ ሊሄድ የተነሳ ነገር ነው አሉኝ፤ ገና ነው። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ አቃጥለው ያጠፉታል። ብትቆዪ ኖሮ ሌላ ነበር አለችኝ ሐኪሟ።»

«እኔ...» አለ ወንድሜ። «እኔ እኮ በጊዜ ብነግርሽ...»

«ዝም በል። ያዝ።» ቦርሳዋን ደረቱ ላይ ጣል አደረገችለት። «አንተን ነው፤ ተቀመጥ።»

በሩ ተዘጋ። ወንድሜ ቦርሳውን ታቅፎ በሩን አየ፤ ከዚያ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር አየ፤ በዓይኑ የለካው ይመስለኛል። ወንበሩን በእጁ ዳስሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አኖረ፤ ማሰሪያውን እጁ ላይ ጠመጠመው።

እግሩ ግን አላረፈም። ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ወለሉን ይመታ ነበር፣ በሩ እስኪከፈት።